አምስተኛው ሲሊንደር

ፊውዝ እጇን ከፍ አድርጋ ያወዛወዘችው «ቁም» ለማለት ነበር። ወንድሟ ግን ስንብት መስሎት በጋቢናው መስኮት እጁን አውጥቶ አጸፋውን መለሰ፤ ጥሩምባውን አንዴ ነፋና ከጋራዡ በር ወጣ።

የጭነት መኪናዋ ጭስ ነጭ ነበር። ሞተሩ ሲሞቅ ይጠራል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልጠራም። ከጭሱ ይልቅ ግን ያሳሰባት ድምፁ ነው። ደረጃ ሲወርድ በየመሃሉ አንዷን እንደሚስት ሰው፣ ሞተሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ያነክሳል። ሮጠች። የሥራ ቱታዋን እንደለበሰች፣ በነጠላ ጫማ፣ መኪናዋ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ለመታጠፍ ዝግ ስትል ደረሰችባት። መርገጫው ላይ ዘላ ወጥታ መስተዋቱን ጨበጠች።

«እስከ አስፋልቱ ልትሸኚኝ ነው?» አላት ወንድሟ እየሳቀ።

«አቁም ነው ያልኩህ።»

«እኔማ ገና ሳልሄድ የናፈቅኩሽ መስሎኝ።»

«ጋሼ፣ ድምፁ ደስ አላለኝም።»

አንገቱን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ አዳመጠ። «ትናንት ኖዝሎቿን ቀይረን ዛሬውኑ እንድትዘፍን ነው የምትፈልጊው? ትንሽ አየር ይዛ ይሆናል። ግቢና ስሚያት፤ ካልተሻላት አዙሬ እመልስሻለሁ።»

ገባች።

ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጡላት የጋራዡ ሠራተኞች ናቸው። ትንሽ ስለሆነችና ወሬ ሲበዛባት ድርግም ስለምትል ነው። ከወንድሟ ጋር ግን ድርግም ማለት አያስፈልጋትም፤ ሲሠሩ መጀመሪያውኑ አያወሩም። አባታቸው በሕይወት ሳለ ጋራዡ ውስጥ ወሬ አይወድም ነበር፤ ጆሮ የሞተር ነው ይላቸው ነበር። ሁለቱ ልጆቹ ከሞተር ግራና ቀኝ ቆመው በእጅና በዓይን ብቻ እየተግባቡ መሥራት የለመዱት ያኔ ነው። ወንድሟ ይፈታል፣ እሷ ትገጥማለች። የተዘረጋ መዳፍ ቁልፍ ይቀበላል። ከተፈታ ዕቃ ቀዳዳ ላይ ጨርቅ ጣል ከተደረገ «ጸድቷል፣ የአንቺ ተራ ነው» ማለት ነው። መንገደኛ ቆሞ እንደ ትርኢት ያያቸው ነበር፤ ወንድሟም በዚህ ይኮራል።

መኪናዋን «እቴጌ» ይሏታል። ከፊውዝ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እንደ እቴጌ ሁሉ ስትነሣም ስትቀመጥም ጊዜዋን ትወስዳለች። ዛሬ ጀርባዋ ላይ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ የተኛው የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ነው። ከበረሃው ማዶ፣ ከወንዙም ማዶ፣ ታላቅ እህታቸው የምታስተምርበት መንደር አለ። የመንደሩ ፓምፕ ተቃጥሎ ሰው ከማጠራቀሚያው ወለል ላይ የቀረውን ውሃ በጣሳ እየጨለፈ ነው። እህታቸው በስልክ ስትነግራቸው ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህም ይበልጥ አስፈራቸው። «ይሄ ሲያልቅ ሕፃናቱን ይዘን በእግር እንወጣለን» ነበር ያለችው። ወንዙ በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። አንዴ ከወረደ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ማንም አይሻገረውም። የሚወርድበት ወቅት ደግሞ ደርሷል።

አስፋልቱ ላይ ሞተሩ ትንሽ ተሻለው። ፊውዝም መልሰኝ ሳትል ከተማው አለቀ።

*

አስፋልቱ ካበቃ በኋላ መንገድ የሚባለው የጎማ ፋና ብቻ ነበር። ምድሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ እንኳ የለውም። ሙቀቱ ከመሬት እየተነሣ ሩቁን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ፊውዝ ሕይወቷን በሙሉ ከአራት ግድግዳ መሃል ስለሠራች ሰማይ ይህን ያህል እንደሚሰፋ አታውቅም ነበር። እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባ ጉልበቷን አቀፈች።

ከቀትር በኋላ የአድማሱ ጠርዝ ተነሥቶ ቆመ።

«ያ ምንድነው?» አለች።

ወንድሟ ማርሽ ቀይሮ ነዳጁን ረገጠ። ከመሬት እስከ ሰማይ የቆመ ቡናማ ግድግዳ ነበር፤ የማይቸኩል ይመስላል፣ ግን በተመለከቱት ቁጥር ቀርቧል። ፊት ለፊታቸው ያለውን የአሸዋ ጉብታ ተሻግረው ከማዶው ለመጠለል አስበው እቴጌ አፏን ወደ ላይ አድርጋ ቧጠጠች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። ሞተሩ አንድ ጊዜ አነከሰ፣ ሁለተኛ አነከሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ።

«ምን ሆንሽ እናቴ፣ ምን ሆንሽ» አላት ወንድሟ መሪውን እየደባበሰ። እቴጌ ተንቀጥቅጣ ጠፋች።

ፊውዝ የወንድሟን ጃኬት ከወንበሩ ላይ ጎትታ ወረደች። ነፋሱ በሩን ከእጇ ነጠቀ። የሞተሩን የአየር ማስገቢያ አፍ በጃኬቱ ጠቀለለች፣ እጅጌውን ቋጠረች፣ እየተንፏቀቀች ተመለሰች። በሩን እንደዘጋች ብርሃኑ ጠፋ። አሸዋው የመኪናዋን ቆርቆሮ እንደ በረዶ ቀጠቀጠው፤ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበታቸው ላይ ተከመረ። ወንድምና እህት ጨርቅ አፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መኪናዋ እንደ ጀልባ ትወዛወዝ ነበር።

ሲያባራ ዝምታው ጆሮ ያማል። ፊውዝ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣችና ቆመች። ሊሻገሩት የነበረው ጉብታ የለም። ቀድሞ ሜዳ በነበረበት አዲስ ኮረብታ ቆሟል፤ ጫፉ እንደ ምላጭ የተሳለ፣ ማንም ያልረገጠው፣ ገና አቧራ የሚተነፍስ። የጎማ ፋናው በሙሉ ተጠርጓል። ዓለም እነሱ ዓይናቸውን በጨፈኑበት ጊዜ ውስጥ እንደገና የተሠራ ይመስላል።

«ያቺን ጥቁር ተራራ ከያዝን አንጠፋም» አለ ወንድሟ ሩቅ እያመለከተ። «አሁን ይህቺን ሴትዮ እናስነሣ።»

ኮፈኑን ከፈቱ። ፊውዝ የናፍጣ መስመሩን ማሰሪያ ዳዶ በትንሹ አላላች፤ ወንድሟ ትንሿን የእጅ መግፊያ በመዳፉ ይጫን ጀመር። ናፍጣው እንደ ሳሙና አረፋ ሆኖ እየተንሿሿ ወጣ። አየር ነው። ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ሲቀየር መስመሩ ውስጥ የቀረ አየር ናፍጣውን ያቋርጠዋል፤ ሞተር ደግሞ አየር ጠጥቶ አይሄድም። አረፋው እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ በመጨረሻ ናፍጣው እንደ ማር ጠርቶ ወረደ። ዳዶውን አጠበቀች። ጃኬቱን ከአየር ማስገቢያው ላይ ፈታች፤ እቴጌ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች።

ወንድሟ አሸዋው ላይ እስክስታ መታ። «አልኩሽ አይደል? አየር ነው። ባዶ አየር።»

ፊውዝ አዳመጠች። ያቺ የምትሳተው ደረጃ አሁንም አለች፤ ከበፊቱ ደከም ብላ። ወንድሟ ግን ይዘፍን ነበር። ኮፈኑን ዘጋች።

*

መሬት ላይ አንጥፈው አደሩ፤ ሲነጋ ተነሥተው ከጥቁሩ ተራራ ሥር ዞሩ። ተራራውን ሲያልፉ ምድሩ ተለወጠ። መጀመሪያ እሾህ፣ ቀጥሎ ሣር፣ ከዚያ ጥላቸውን እንደ ጃንጥላ የዘረጉ ግራሮች መጡ። መንገዱ በደረቀ ጅረት ውስጥ ያልፋል። እዚያ፣ ጥልቁ አሸዋ መሃል፣ እቴጌ ጎማዋ ሲከብዳት ተንቀጥቅጣ ዳግመኛ ጠፋች።

ፊውዝ የናፍጣውን ማጣሪያ ፈታች። ትናንት የገባ አሸዋ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያውን በንጹህ ናፍጣ እያጠበች ሳለ ወንድሟ ክንዷን ያዘ። ምልክት አልሰጣትም፤ ያዛት ብቻ። ቀና አለች።

ዝሆኖች ነበሩ። ይህን የሚያክል ነገር ያለ ድምፅ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። ከግራሮቹ መሃል አንድ በአንድ ወጡ፣ ግራጫ፣ በአቧራ የተለሰኑ፣ ጆሯቸውን ቀስ አድርገው እያራገቡ። ጅረቱ ውስጥ ወርደው አሸዋውን በእግራቸው ይቆፍሩ ጀመር፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሲያቀርር ግልገሎቹን አስቀድመው አጠጡ። ከሁሉ የምትበልጠው ግን ወደ መኪናዋ መጣች።

ኩምቢዋን በኮፈኑ ላይ አሳልፋ ሞተሩን አሸተተች። ከዚያ ማጣሪያውን የያዘውን የፊውዝን እጅ አሸተተች። ትንፋሿ ሞቃት ነበር፤ የታኘከ ሣር ይሸታል። ፊውዝ ዓይኗን አልጨፈነችም። ከዚህ በፊት ትልቅ ነገር ስታይ የምታስበው እንዴት እንደተሠራ ነበር፤ የትኛው ክፍል የትኛውን እንደሚያንቀሳቅስ። ይህን ግን ልትፈታው አልፈለገችም። ከዝሆኗ ሽፋሽፍት ላይ የተንጠለጠለውን አቧራ ሳይቀር እያየች ቆመች።

ዝሆኗ የናፍጣውን ሽታ የወደደችው አይመስልም፤ «ፉ» ብላ ፊቷ ላይ ተነፈሰችባትና ዞረች።

ድንገት ሁሉም መጠጣቱን አቆሙ። ራሳቸውን ወደ ሩቁ ተራራ ሰንሰለት አዙረው፣ ጆሯቸውን ዘርግተው፣ እንደ ሐውልት ቆሙ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ትልቋ መራች፤ ሌሎቹ ግልገሎቹን መሃል አስገብተው በጥድፊያ ከጅረቱ ወጥተው ወደ ከፍታው አቀኑ።

ወንድሟ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። «አየሽ?»

«አየሁ።»

«ዝናብ ነው። እዚያ ተራራው ላይ እየዘነበ ነው፤ እነሱ በእግራቸው ይሰሙታል ይባላል። እንግዲህ ወንዙ መንገድ ጀምሯል።»

ማጣሪያውን መልሳ እየገጠመች ዓይኗን ሳታነሣ ተናገረች። «ጋሼ፣ አየር ብቻ አይደለም። ትናንትም ይሰማኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።»

ወንድሟ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

*

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር። ሜዳው ድንገት ያልቅና ምድር አፏን ትከፍታለች። በገደሉ ግድግዳ ላይ ለአንድ መኪና ብቻ የተፈለፈለ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ታች የደረቀው ወንዝ ነጭ አሸዋ ሆኖ ተዘርግቷል። ከማዶ ደግሞ ያው ዓይነት መንገድ፣ ከዚህኛው የባሰ ቀጥ ያለ፣ ወደ ላይ ይወጣል። ጫፉ ላይ የመንደሩ ዛፎች እንደ ጣት ተደርድረው ይታያሉ።

የመጀመሪያውን ጥምዝ አልፈው መጠነኛ ሜዳ የሆነች ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ወንድሟ ነዳጁን እንደለቀቀ እቴጌ ተርገፍግፋ ጠፋች። እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ ፊውዝ ያዘችው።

«አታስነሣት። ወደ ታች ትወርዳለች፤ ወደ ላይ ግን አትወጣም። እዚያ አሸዋው ላይ ከቆመች ውሃው ይደርስባታል።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ሕመሟን እፈልገዋለሁ።»

ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ከተቱ። ድንጋዩን ሳይጨርሱ ከኋላቸው ጥሩምባ ጮኸ። ቀይ የጭነት መኪና አፍንጫዋን ከእቴጌ ጀርባ አስጠግታ ቆመች። ሹፌሩ በየመናኸሪያው «መብረቅ» የሚሉት፣ ከወንድሟ ጋር ጭነት ሲሻማ የኖረ ሰው ነበር። ይህንኑ ፓምፕ ለመጫን ፈልጎ ተቀድሟል። ሁለት ጫኝና አውራጅ አስከትሎ ወረደ።

«እናንተ ሰዎች መንገድ ላይ ቤት ሠራችሁ እንዴ?»

«ሞተሩ ታሟል» አለ ወንድሟ።

«ታሟል ወይስ ሞቷል? ቀባሪ ከሆነ የምትፈልጉት ይኸው መጥተናል።» ወደ ገደሉ ጎንበስ ብሎ አየና ቀልዱን ተወው። «ስማ ወንድሜ። ላይ ላይ መዝነቡን ሰምቼ ነው ሳልተኛ የመጣሁት። የጫንኩት ስኳር ነው፤ ውሃው ከቀደመኝ ወር ሙሉ እዚህ ቆሞ ድንጋይ ይሆናል። እንግፋትና ትውረድ። ታች ስትደርሱ የራሳችሁ ጉዳይ።»

«ታች ከደረሰች አትወጣም።»

«እኔስ እዚህ ከቀረሁ እሻገራለሁ?»

«ፓምፑን የጫነው ክሬን ነው። ወደ አንተ መኪና ላዛውረው ብል እንኳ አልችልም። ማዶ ያለው ሰው የሚጠጣው የለውም።»

መብረቅ ለጫኞቹ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ወደ ድንጋዮቹ ሄዱ።

«አትንኩት» አለች ፊውዝ።

ድምፅዋ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ራሷም ደነገጠች። ወደ ኋላ ግን አላለችም፤ በነጠላ ጫማዋ ከቀይዋ መኪና አፍንጫ ፊት ገብታ ቆመች።

«ጊዜ ስጠኝ።»

«ስንት?» አለ መብረቅ።

«የወንዙ ድምፅ እስኪሰማ። በሰማኸው ሰዓት ግፋት፤ አልከለክልህም።»

መብረቅ ትንሽ አሰበ። «እሺ። ጆሮዬን ተክዬ እቀመጣለሁ።»

ወደ ሞተሩ ስትመለስ ወንድሟ እንደ ልማዱ በግራ በኩል ቆሞ መዳፉን ዘርግቶ ነበር። ቁልፉን አልሰጠችውም።

«ዛሬ በእጅ አንነጋገርም፣ ጋሼ። የምሠራውን ሁሉ በአፌ እናገራለሁ፤ አንተም በአፍህ መልስልኝ።»

ከአፏ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲወጣ ሰምቶ ስለማያውቅ ራሱን ነቀነቀ ብቻ። ከዚያ አስታወሰና፣ «እሺ» አላት።

እቴጌን አስነሡ፤ እያነከሰች ሠራች። ፊውዝ ናፍጣ ወደ መጀመሪያው ኖዝል የሚያደርሰውን ቱቦ ዳዶ አላላች። ሞተሩ ወዲያው ተንገዳገደ።

«አንደኛው ይሠራል።»

«ይሠራል።»

አጠበቀችው። ወደ ሁለተኛው ሄደች። ሞተሩ ተንገዳገደ። ሦስተኛው፣ አራተኛው እንዲሁ። የሚሠራ ሲሊንደር ናፍጣው ሲነጠቅ ያስታውቃል። አምስተኛውን ስታላላ ግን ምንም አልተለወጠም። እቴጌ አምስተኛው እንደሌላት ሆና እንደዚያው አነከሰች።

«አምስተኛው ሞቷል» አለች።

«ሞቷል» አለ ወንድሟ ዝግ ብሎ። ሞተሩን አጠፋው።

ኖዝሉን ነቅላ አወጣችው። ጣት የሚያክል ብረት ነው፤ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ እንደ ጉም አድርጎ የሚረጨው እሱ ነው። ከሞተሩ ውጭ፣ አፉ ወደ ገደሉ እንዲመለከት አድርጋ ከቱቦው ጋር ገጠመችው። «እጃችሁን አርቁ፤ ቆዳ ይበሳል። ጋሼ፣ አዙር።»

ማስነሻ ሞተሪኖው ሲያጓራ ከኖዝሉ ጫፍ ማራገቢያ የሚመስል ጉም ፈነጠቀ። ጠብታው ለዓይን አይታይም፤ ፀሐይ ስትነካው ብቻ ትንሽ ቀስተ ደመና አየሩ ላይ ተሳለና ጠፋ። ደግሞ ፈነጠቀ፤ ደግሞ ተሳለ። ጫኞቹ ተጠጉ። መብረቅ ሳያስበው ከድንጋዩ ላይ ተነሥቶ ነበር።

«እድሜዬን ሙሉ ነዳሁ» አለ፣ «ውስጧ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አላውቅም።»

«ኖዝሉ ደህና ነው» አለች ፊውዝ። «ታዲያ ለምን ሞተ?» ይህን የጠየቀችው ራሷን ነው። ኖዝሉን አገላበጠችው። አንገቱ ጥላሸት ለብሷል፤ እሳቱ በጎኑ ያመልጥ ነበር ማለት ነው። ወደ ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ሰደደች። ከወለሉ ላይ አንድ ጠርዝ ያዘው።

«ብርሃን እፈልጋለሁ።»

መብረቅ ከጋቢናው የፊት ማያ መስተዋቱን ይዞ መጣና የፀሐይዋን ጨረር ወደ ጉድጓዱ መለሰላት። አንገቷን ደፍታ አየች። ታች፣ ጠቁሮ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ የመዳብ ቀለበት ነበር። እጇ ውስጥ ያለው ኖዝል ላይ ደግሞ አዲሱ ቀለበት አለ።

«ሁለት ማሸጊያ ሮንዴላ» አለች። «አሮጌው ሳይወጣ አዲሱን ደርቤበታለሁ። ኖዝሉ ከፍ ብሎ፣ ተጣሞ ነው የተቀመጠው።» ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። «ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ነበር።»

ወንድሟ ፊቱ ተለወጠ። «ክሬኑ ሲመጣ... ኖዝሉን ነቅዬ ሮንዴላውን ሳላወጣ ጠሩኝ። ጨርቁን ለአቧራው ብዬ ነው ጣል ያደረግኩት።»

«እኔ ደግሞ ያለቀ መስሎኝ።»

መብረቅ አንዱን አይቶ ሌላዋን አየ። «አፍ የተሰጣችሁ ለጌጥ ነው እንዴ?» አላቸው።

ወንድሟ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር። ከሞረዱ እጀታውን አውልቆ የሾለውን ጭራ ግራሶ ቀባና ሰጣት። ፊውዝ ጭራውን በቀለበቱ መሃል አስገብታ በመዶሻ በቀስታ መታችው። ዞር አደረገችው።

«አልዞረም።»

«አልዞረም» አለ ወንድሟ። «ትንሽ ጠበቅ አድርጊው።»

መታች። ዞር አደረገችው። «ዞረ።»

«ዞረ?»

«ዞሯል።» ቀስ አድርጋ ሳበችው። ጥቁሩ ቀለበት ከሞረዱ ጫፍ ላይ ተሰክቶ ወጣ። ጥላሸቱን በግራሶ በተነከረ ጨርቅ ጠርጋ አወጣች።

አዲሱ ሮንዴላ ግን ተጨፍልቆ ደርቋል፤ ተመልሶ ቢገባ አያሽግም። ትርፍ የላቸውም።

«እሳት አለህ?» አለችው መብረቅን።

«ሻይ አማረሽ?»

«እሳት ነው የምፈልገው። ውሃም።»

የሻይ ማፍያ ቡታጋዙን አመጣላት። ቀለበቱን በፒንሳ ይዛ ነበልባሉ ውስጥ ከተተችው። መዳቡ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ እንደ ጀምበር ቀላ። በመብረቅ የመጠጥ ውሃ ጣሳ ውስጥ ጣለችው፤ «ጭሽሽ» አለ። «ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መዳብ ግን ይለሰልሳል።» ከጣሳው አውጥታ በጣቷ ነካችው። የሚታዘዝ፣ አዲስ ነገር ሆኖ ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ ሠርታዋለች፤ እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ግን መጀመሪያ ያየች ያህል ተገረመች።

ኖዝሉን መልሳ እያጠበቀች ሳለ ነፋሱ ተለወጠ። ከሸለቆው ውስጥ የረጠበ አፈር ሽታ ያለው ቅዝቃዜ መጣ። ከዚያ በጣም ሩቅ፣ ብዙ የጭነት መኪኖች ዳገት ሲወጡ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ጫኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወንድሟ ቀስ ብሎ ወደ መብረቅ ዞረ። ቃል ቃል ነው፤ ፊውዝም አልረሳችውም። ቁልፏን ይዛ ጠበቀች።

መብረቅ ጆሮውን በትንሽ ጣቱ ጎረጎረ። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ። «ድሮም ጆሮዬ ደካማ ነው። ቶሎ በይ ልጄ።»

«ዳዶው ጠብቋል።»

«ጠብቋል።»

«አየሩ ወጥቷል።»

«ወጥቷል።»

«አስነሣት።»

እቴጌ ተነሣች። ፊውዝ እጇን የሞተሩ ራስ ላይ አሳርፋ አዳመጠች። ስድስቱም ነበሩ። አንድም ደረጃ ሳይሳት፣ እኩል፣ ድፍን ያለ ድምፅ ከገደሉ ግድግዳ እየተመለሰ ሞላቸው። ደረቷ ውስጥ ገባ። ጫኞቹ ድንጋዮቹን ገፈተሩ፤ ፊውዝ ገና ሳትቀመጥ ወንድሟ እቴጌን ለቀቃት።

ጥምዙን ሁሉ በጭንቀት ወረዱ፤ ቀይዋ መኪና ከጭራቸው አልተለየችም። የወንዙ አሸዋ ላይ ሲደርሱ ፊውዝ ወደ ላይኛው ሸለቆ አየች። ከመታጠፊያው ቡናማ ነገር ብቅ ብሏል።

«አላየውም» አለ ወንድሟ። «እኔ ካየሁት እቆማለሁ። አንቺ ንገሪኝ።»

«ገና ነው። ንዳ። ገና ነው። በግራ ያለው አሸዋ ይለሰልሳል፣ በቀኝ ያዝ። ገና ነው።»

ጎማዎቹ ጠጠር ነክሰው ዳገቱን ያዙ። እቴጌ አፏን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ ፓምፑን ተሸክማ፣ በሁለተኛ ማርሽ ወጣች። አላነከሰችም። ቀይዋ መኪና ከኋላ ጥሩምባዋን ሳታቋርጥ ተከተለች። አፋፉ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ሁሉም ወርደው ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄዱ።

መጀመሪያ የመጣው አረፋና ጭራሮ ነበር፤ መንገዱን እንደሚጠርግ መጥረጊያ። ከኋላው ውሃው ቆሞ መጣ። ሥሮቻቸው ወደ ላይ የዞሩ ዛፎች ውስጡ ይገለባበጣሉ። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን የማይታየው ነበር፤ ከውሃው ሥር ድንጋዮች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ምድሩ ይመታል፤ ፊውዝ በእግሯ ሰማችው። አሁን ያለፉበት ነጭ አሸዋ፣ የጎማ ፋናቸው ገና ያለበት፣ በአንድ ትንፋሽ ተሸፈነ። መብረቅ ባርኔጣውን አወለቀ። ውሃው ግድግዳውን እየገመሰ ከፍ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ፣ እንደ አንድ ትልቅ አካል ሆኖ አለፈ፤ ግን ማለፉ አያልቅም ነበር።

*

ታላቅ እህታቸው ከመንደሩ ሰው ጋር እየሮጠች መጥታ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። ፊውዝን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አለቀቀቻትም። «እትዬ» አለች ፊውዝ ከእቅፏ ውስጥ ሆና፣ «ጠንካራ ገመድና ሦስት ረጃጅም እንጨት እፈልጋለሁ። ገመድ የሚይዙ ሰዎችም፤ የምናገረውን ደግመው የሚመልሱልኝ።»

በማግስቱ ፓምፑ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ፊውዝ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ልቀቁ፣ ያዙ ስትል ገመዱን የያዙት መብረቅና ጫኞቹ ቃሏን እየደገሙ መለሱላት። ከቀትር በኋላ ውሃ ወጣ፤ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎም ጥርት ያለ። ወንዙ ስላልጎደለ ሁለቱም መኪኖች ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው መንደር ቆዩ።